ከባሕር የወጣው ዶክ፦ በጦርነት ጊዜ የተካሄደው የምጽዋ የመርከብ ማንሳት ሥራ (1934–1935 ዓ.ም.) እና የወደቡ ዕጣ

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ምጽዋም እጇን ሰጠች። ይሁን እንጂ ወደቡ ለያዘው ጦር ወዲያው የሚያገለግል አልነበረም። የጣሊያኑ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ከመማረኩ አስቀድሞ በሰጠው ትእዛዝ የጣሊያንና የጀርመን መርከቦች በፈንጂ ተበስተው በወደቡ መግቢያዎች ላይ በረድፍ እንዲሰጥሙ ተደርጓል። ተንሳፋፊ ዶኮቹ ከባሕሩ ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ የባሕር ኃይሉ ጋራዦችና የማሽን ቤቶችም በመዶሻ ተሰባብረዋል። በወረራው ዘመን ሲሚንቶው፣ ብረቱና ሸቀጡ በአስመራና በደሴ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ጣሊያኖች ከአራዳ ወደ ምዕራብ ወዳዛወሩት የ«መርካቶ ኢንዲጄኖ» ገበያ ጭምር የሚጓዝበት ዋና በር በዚህ ሁኔታ ተዘጋ።

ወደቡን የመክፈቱ ሥራ የተጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አሜሪካ በብድርና ኪራይ ሕጓ መሠረት እንግሊዝን ለመርዳት ባቋቋመችው ልዑክ ሥር ኮማንደር ኤድዋርድ ኤልስበርግ በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ። ኤልስበርግ ቀደም ሲል የሰጠመችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ኤስ-51 እ.ኤ.አ. በ1926 በማንሳቱ ስሙ የታወቀ መሐንዲስ ነው። የምጽዋው ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው እርሱ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው «ከቀይ ባሕር ፀሐይ ሥር» በተሰኘው ትዝታው መሠረት በመሆኑ፣ ነገሩ የአንድ ብርቱ መኮንን ገድል መልክ ይዟል። ገድልነቱ አይካድም። ሆኖም ሥራው ከጦርነቱ በኋላ በወደቡ ላይ ከደረሰው ነገር ተነጥሎ ሲነበብ አንድ ዐቢይ ጥያቄ ይሸፈናል፤ ይኸውም ከባሕር የሚነሣው ንብረት የሚነሣው ለማን ነው የሚለው ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተል መመልከት መልሱን ያመላክታል። ቅድሚያ ያገኙት የሰጠሙት የንግድ መርከቦች አልነበሩም። ቅድሚያው የመርከብ መጠገኛው ነበር፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ የሜዲትራንያን መርከቦች ዋና መጠገኛ የነበረችው እስክንድርያ በጠላት አውሮፕላኖችና በሮመል ጦር ሥጋት ላይ ወድቃ ነበር። የተሰባበሩት ማሽኖች ከአንዱ የተረፈው ለሌላው እየተገጠመ፣ የጎደለው እንደ አዲስ እየተቀለጠ ወደ ሥራ ተመለሱ። ከኢራን ተጎትቶ የመጣ አነስተኛ ተንሳፋፊ ዶክም በግንቦት 1934 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ከሁሉም ይልቅ ሊጠና የሚገባው የትልቁ የጣሊያን ዶክ መነሣት ነው። ተንሳፋፊ ዶክ ማለት ውስጡ በክፍሎች የተከፋፈለ ግዙፍ የብረት ሣጥን ነው፤ ክፍሎቹ ውኃ ሲሞሉ ዝቅ ይላል፣ ውኃው ሲወጣ መርከቡን ተሸክሞ ይነሣል። ጣሊያኖች በስምንቱ ክፍሎች ስምንት ቦምብ አኑረው ሰባቱ ፈንድተዋል፤ የዶኩም ወለል ተቀዳዷል። እንግሊዛውያን ባለሙያዎች የማይነሣ ነው ብለው ትተውት ነበር። የተለመደው ዘዴ ጠላቂዎች እያንዳንዱን ቀዳዳ ከውኃ በታች ደፍነው ውኃውን በፓምፕ እንዲያወጡ ያዛል፤ ይህ በጭቃ ላይ ለተቀመጠ ወለል የብዙ ወራት ሥራ ነው። ኤልስበርግ ነገሩን ገለበጠው። ጠላቂዎቹ ከወለሉ ይልቅ የላይኛውን ክፍል፣ ማለትም አየር ሊያመልጥባቸው የሚችሉትን ቀዳዳዎች፣ በሮችና ቧንቧዎች፣ እንዲደፍኑ አደረገ። ከዚያም የታመቀ አየር በክፍሎቹ ውስጥ ተነፋ። አየሩ ከላይ ሲጫን ውኃው ፈንጂው በቀደደው በዚያው የወለል ቀዳዳ ወደ ውጭ ተገፋ፤ ጠላት ያደረሰው ጉዳት እንደ መውጫ አገለገለ ማለት ነው። በዘጠኝ ቀን ገደማ ዶኩ ተንሳፈፈ።

በንግድ መርከቦቹ ላይ ግን ይህ አቋራጭ ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። ለምሳሌ ሊበንፌልስ የተባለችውን የጀርመን መርከብ ለማንሳት ጠላቂዎች በተቀደደው ጎኗ ላይ ትልቅ የእንጨት መሸፈኛ መግጠም ነበረባቸው። ወደቡ እጅግ ጥልቅ ስላልሆነ ጥልቅ ጠልቆ በፍጥነት በመውጣት የሚመጣው ሕመም ዋነኛው አደጋ አልነበረም። አደጋው ጭቃው፣ የተቀደደው ብረት፣ ያልፈነዳ ፈንጂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀቱ ነበር። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ጠላቂውን የሚያስጨንቀው ብርድ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር በጋ ግን የሞቀው ውኃ የሠራተኛውን የሰውነት ሙቀት ሊወስድለት አይችልም። በላይም፣ በታችም እረፍት የለም።

በትዝታው ውስጥ አሜሪካውያኑ ጠላቂዎችና ሹማምንት ከነስማቸውና ከነጠባያቸው ሲቀርቡ፣ የመርከቦቹን ሆድ እየፋቁ ቀለም የሚቀቡት ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያንና ዐረቦች በአብዛኛው የሚጠሩት በወገን ስም ነው። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ለታሪክ አጥኚ ግን የምንጩ ትልቁ ጉድለት ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዕንቁ ለማውጣት ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ ከጥንት የታወቀ ሙያ መሆኑ ሲታሰብ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል።

በክረምቱ እስክንድርያ ይበልጥ ስትሠጋ የምጽዋ ጥቅም በግልጽ ታየ። ከኢራን የመጣው ዶክ 6,000 ቶን ገደማ ብቻ የሚያነሣ ሲሆን፣ ዲዶ የተባለችው የእንግሊዝ ክሩዘር ከአቅሙ በላይ ነበረች። ስለዚህ የኋላ ክፍሏ ብቻ ከፍ እንዲል፣ አፍንጫዋ በውኃው ላይ እንዲቀር ተደርጎ ተጠገነች፤ ዩራለስና ክሊዮፓትራም በዚሁ መንገድ ተከተሉ። በ1935 ዓ.ም. ኅዳር ግድም ኤልስበርግ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተዛወረ። የጦርነቱ ማዕከል ሲርቅ ምጽዋ በአንድ ጊዜ አስፈላጊነቷን አጣች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የሕግ ጥያቄ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣው የብራስልስ ስምምነት ለነጋዴ መርከብ አንሺ ዋጋ የሚከፍለው ውጤት ሲገኝ ብቻ ነው፤ የጦር መርከቦችን ግን አይመለከትም። በጦርነት ጊዜ የሚሠራው የ1907 የሄግ ደንብ ነው። ደንቡ በአንቀጽ 53 የያዘው ጦር ለውጊያ የሚያገለግለውን የጠላት መንግሥት ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 55 ግን በማይንቀሳቀሰው ላይ የአስተዳዳሪነትና የተጠቃሚነት መብት ብቻ ይሰጠዋል። ታዲያ ተንሳፋፊ ዶክ ከየትኛው ነው? ተጎትቶ ይሄዳል፤ ያለ እርሱ ግን ወደቡ የመርከብ መጠገኛ አይሆንም። በሲሚንቶ ላይ በብሎን የታሰረ ማሽንስ? በመርካቶ ምናለሽ ተራ መልሱ ቀላል ነው፦ የተፈታ ብረት ሁሉ ሸቀጥ ነው። የኤርትራ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደርም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

በአስተዳደሩ ዘመን ጣሊያኖች የተከሉት ብዙ ነገር ተነቀለ፤ ምጽዋን ከአስመራ ጋር ያገናኝ የነበረው 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአየር ላይ ገመድ መንገድ አንዱ ምሳሌ ነው። የወደቡን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብ በይፋ ያቀረቡት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 «የኢትዮጵያን ወደቦች ስለምን እናፈርሳለን?» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አሳትመው፣ በምጽዋና በአሰብ የሚካሄደውን ማፍረስና ማውጣት ተቃወሙ። ጽሑፉ የተሟጋች ጽሑፍ በመሆኑ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ግን ከኤልስበርግ ትዝታ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሁለቱ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ይሆናሉ። አንደኛው መሣሪያው ወደ አገልግሎት የተመለሰበትን፣ ሁለተኛው ከአገልግሎት የወጣበትን ይመዘግባል፤ በሁለቱም ጊዜ ውሳኔው የወደቡ ነዋሪዎች አልነበረም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በዚያው ዓመት፣ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነው፤ ፓንክረስት የተቃወሙት ማፍረስ የተካሄደው ርክክቡ ሊፈጸም በተቃረበበት ወቅት ነበር።