የተጋጣሚን መከላከል በድራፍት ቀን እንዴት ልመዝን?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የኤንኤፍኤል ፋንታሲ ልጀምር ነው። በድራፍት ቀን ተጫዋች ስመርጥ የሚገጥመው መከላከል ምን ያህል ያሳስበኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ የምርጫ ዙሮች ፈጽሞ አያሳስብዎት። አሰልጣኝ ሲቀየር፣ ዋና ተከላካዮች ሲጎዱ የአምናው ብርቱ መከላከል ዘንድሮ ሊላላ ይችላል። ይልቅ ተጫዋቹ ኳስ ምን ያህል እንደሚደርሰው ይዩ።

ሁለት ተጫዋቾች እኩል ሲሆኑብዎት ግን የተጋጣሚ ጉዳይ ይረዳዎታል። ያን ጊዜ የብዙ ፋንታሲ ሊጎች ጥሎ ማለፍ የሚካሄድባቸውን ከ15ኛ እስከ 17ኛ ያሉትን ሳምንታት ይመልከቱ። የቅብብልና የሩጫ መከላከልንም ለየብቻ ይመዝኑ። ጠቅላላ ያርድ ያሳስታል፤ ዘወትር የሚመራ ቡድን ተጋጣሚው ለመድረስ ሲል ደጋግሞ ስለሚወረውርበት፣ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ብዙ ያርድ ፈቅዶ ደካማ ይመስላል። በአንድ ውርወራ የሚፈቅደው አማካይ ያርድ የተሻለ ዳኛ ነው።

የራስዎን መከላከያ ቡድን በመጨረሻዎቹ ዙሮች ይምረጡ፤ በመጀመሪያ ሳምንታት ደካማ ኳርተርባክ የሚገጥመውን ይውሰዱ።