ሐኪሙ ጋዜጠኛ፤ ዶክተር መላኩ በያን

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ላይ ስለ ፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ደሞ በኛ ጦርነት ምን አገባቸው?» አለኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። በማስታወሻዬ ላይ የነበረው የአርበኞች ተጋድሎና የንጉሠ ነገሥቱ ስደት ብቻ ነው። በኋላ ሳነብ መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አገኘሁት።

ዶክተር መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. ወሎ ተወልደው ያደጉት ሐረር ነው። በ1910ዎቹ ለትምህርት አሜሪካ ተላኩ። መጀመሪያ ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ፤ ሕክምናውን ግን ዋሽንግተን ካለው ከጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ ከሃዋርድ አጠኑ። በዚያ ዘመን በብዙው የአሜሪካ ክፍል ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ ወንበር አይቀመጥም። «እኔ የነጻ አገር ልጅ ነኝ፣ ከነሱ አይደለሁም» ማለት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን አብረዋቸው ኖሩ፤ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን አገራቸው ነበሩ፤ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ከዚያ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በመስከረም 1929 ደግሞ እርዳታ እንዲያሰባስቡ ወደ ኒውዮርክ ተላኩ።

እንግዲህ ሐኪሙ ጋዜጠኛ የሆኑት እዚያ ነው። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አቋቋሙ (በኋላ አዲስ አበባ በአማርኛ ይታተም ከነበረው ጋር እንዳይምታታ)። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ጋዜጣው የማኅበሩ ልሳን ሆነ። ሥራው ገንዘብ መለመን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣው ከስም ጀመረ፦ ነጮቹ ያወጡላቸውን «ኒግሮ» የሚለውን ትታችሁ «ጥቁር» ነን በሉ፣ የኢትዮጵያም ጉዳይ የራሳችሁ ነው አለ። በ1931 ዓ.ም. ይህንኑ ሐሳብ በመጽሐፍ አወጡት።

እና ምን አገባቸው? አያቶቻቸው ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ናቸው። ይህ ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከዚህ ከካፋ ምድርም ስንቱ በባርነት ተነድቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል! በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጥቁር ሕዝብ ነጭ ወራሪን ማሸነፉን ሲሰሙ ድሉን የራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ ወረራው ሲመጣ ደም ፈላ። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው አውሮፕላን አብራሪ እንዲያውም ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አገልግሎናል።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለነዚሁ ወገኖች ሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ መሬት፣ 200 ሄክታር ገደማ፣ በፌዴሬሽኑ በኩል ሰጡ። ከጃማይካና ከሌላውም አገር መጥተው የሰፈሩበት አለ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አብዛኛው ተወረሰ እንጂ ሰፈሩ ዛሬም አለ።

ዶክተር መላኩ ግን ይህን አላዩም። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ በሳንባ ምች ሞቱ፤ ገና የ40 ዓመት ሰው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ቀደሙት ማለት ነው።