ቋሚ ፎር ዊልን ማቅለልና የቁልቁለት ዋጋው፦ ላንድክሩዘር 80 በደባርቅ–ጨነቅ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ላንድክሩዘር 80 በአብዛኛው አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚያሽከረክር መኪና ነው። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ባለቤቶች ይህን አሠራር እንደ አስፈላጊነቱ ብቻ ወደሚገባ ፎር ዊል ያስቀይሩታል። ፋብሪካው ራሱ ለአንዳንድ ገበያዎች ቀላሉን ዓይነት ያቀርብ ስለነበር ለውጡ ለመኪናው ባዕድ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ለውጡ ከደባርቅ ወደ ጨነቅ በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ምን ያስከፍላል የሚለው ነው።

በቋሚው አሠራር ከካምቢዮ የሚወጣው ኃይል በመካከለኛው ዲፈረንሻል በኩል ለፊትና ለኋላ አክስል ይከፈላል። የዲፈረንሻሉ ጥቅም በጠባብ ኩርባ ላይ ጎልቶ ይታያል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2.85 ሜትር ነው። የኋላው አክስል መካከል በ6 ሜትር ራዲየስ ግማሽ ክብ ቢዞር 18.8 ሜትር ይጓዛል፤ የፊቱ ግን 20.9 ሜትር መጓዝ አለበት። በአንድ ኩርባ የተፈጠረውን የ2 ሜትር ልዩነት የሚያስታርቀው ይኸው ዲፈረንሻል ነው።

ለውጡ ሲደረግ ዲፈረንሻሉ ወጥቶ በምትኩ ድፍን ብረት ይገባል፤ በፊት ጎማዎች እምብርት ላይም በእጅ የሚዞሩ መቆለፊያዎች ይገጠማሉ። ቀድሞ ዲፈረንሻሉን ይቆልፍ የነበረው ስልት የፊቱን አክስል ማስገቢያ ይሆናል። ትርፉ እውነተኛ ነው፤ የሚያረጅ አካል ይቀንሳል፣ በአስፋልት ላይ የፊት ማሽከርከሪያዎች ያርፋሉ፣ ጥገናውም ይቀላል። የነዳጅ ቁጠባው ግን ብዙ ጊዜ ይጋነናል።

ዋጋው የሚታወቀው ሲወረድ ነው። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚያ ጉልበቱ ስለሚደክም አሽከርካሪው ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይወጣል፤ ሲመለስም ፍሬኑ እንዳይግል መኪናውን በሞተሩ ይዞ ይወርዳል። ሞተሩ የሚይዘው ግን ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ጎማዎች ብቻ ነው። ለስሌት ያህል የመኪናው ክብደት ለሁለቱ አክስሎች እኩል የተከፈለ፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 0.8 ሜትር ከፍ ያለ፣ ቁልቁለቱም ከመቶ 12 ነው እንበል። አራቱም ጎማዎች ሲይዙ የሚያስፈልገው የሰበቃ መጠን 0.12 ነው። የኋላዎቹ ብቻ ሲይዙ፣ ክብደቱም ወደ ፊት በማዘንበሉ፣ ወደ 0.26 ያድጋል፤ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በረዶ የወረደበት ጭቃ ይህን ላይሰጥ ይችላል፤ የኋላው ጎማ ሲንሸራተትም የመኪናው ጀርባ ወደ ገደሉ ሊዞር ይችላል።

ፎር ዊሉን ማስገባት ችግሩን በከፊል ይፈታል። በጠጠር ላይ የ2 ሜትሩን ልዩነት የጎማው መንሸራተት ያስታርቀዋል፤ በአስፋልት ላይ ግን ጫናው በማሽከርከሪያዎቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጎማ መቆለፊያዎቹ ደባርቅ ላይ፣ ጠጠሩ ሳይጀመር፣ ሊዞሩ ይገባል። መቆለፊያዎቹ ክፍት ሆነው አሽከርካሪው ፎር ዊሉን ቢያስገባ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፤ መብራቱ የሚናገረው ስለ ማከፋፈያው ሳጥን ብቻ ነውና የፊት ጎማዎቹ ግን ከሞተሩ ጋር ሳይያያዙ እንዲሁ ይንከባለላሉ።