በቀዝቃዛው ባሕር ለሚደረግ የሽርሽር ጉዞ የመርከብ ኩባንያ ስለ መምረጥ

ጨርቅ አስመጪ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ይዳስሳል፤ ቡና ላኪም ቡናውን ከመላኩ በፊት አስቆልቶ ያስቀምሳል። የባሕር ሽርሽር ግን ናሙና የለውም። ገንዘቡ የሚከፈለው መርከቡ ከመታየቱ ከብዙ ወራት አስቀድሞ ነው፤ ጉዞው ያልተስማማው ሰውም እንደ ተበላሸ ዕቃ ለሻጩ ሊመልሰው አይችልም። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው በረዶ የለበሰ ተራራ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ኩባንያው የሚሸጠው ውል ነው፤ ገዢውም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚችለው ይህንኑ ውል ብቻ ነው።

ይህንን ለማስረዳት የኖርዌይ ጠረፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የጠረፉ መስመር አመሠራረት

የኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ባሕሩ በተራሮች መካከል እንደ ወንዝ እየገባ የቆራረጠው ምድር ነው፤ እነዚህ የባሕር ሸለቆዎች ፊዮርድ ይባላሉ። ቀድሞ በክረምት ከትሮንድሃይም ወደ ሃመርፌስት የተላከ ደብዳቤ እስከ አምስት ወር ድረስ በመንገድ ሊቆይ ይችል ነበር። መንግሥት ክረምት ከበጋ የሚሠራ መስመር እንዲቋቋም በፈለገ ጊዜ የመርከብ ኩባንያዎች እምቢ አሉ፤ ምክንያቱም ከትሮንድሃይም በስተ ሰሜን የነበሩት የባሕር ካርታዎች ሁለት፣ የመብራት ማማዎቹም 28 ብቻ ነበሩ። ሪቻርድ ዊት የተባለው የመርከብ አዛዥ ግን የየጉዞውን አቅጣጫ፣ ፍጥነትና ሰዓት በመዝገብ ጽፎ ያቆይ ስለ ነበር ውሉን ተቀበለ። «ቬስተሮለን» የተባለችው መርከቡም ጁላይ 2 ቀን 1893 ከትሮንድሃይም ተነሣች። ሌሎቹ የፈሩትን ሥራ እርሱ በትክክለኛ መዝገብ አማካይነት አተረፈበት።

መስመሩ ከ1898 ጀምሮ ከበርገን ይነሣል። ዛሬ በሩሲያ ወሰን አጠገብ እስካለችው ኪርኬኔስ ድረስ በ34 ወደቦች ይቆማል፤ ደርሶ መልሱም 12 ቀን ይፈጃል። ከ2021 ጀምሮ የመንግሥቱ ውል ለሁለት ኩባንያዎች ተከፍሎ ሁርቲግሩተን በ7 መርከቦች፣ ሃቪላ ደግሞ በ4 መርከቦች ይሠራሉ። መርከቦቹም የጠረፉን ሰው፣ ጭነትንና አገር ጎብኚን በአንድነት ያጓጉዛሉ።

2ኛ/ የመርከቡን ዓይነት ስለ መለየት

ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «መርከቡ የተሠራው ለምን አገልግሎት ነው?» የሚለው ነው። ወደ ቀዝቃዛው ባሕር የሚሄዱት መርከቦች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው የጠረፍ መርከብ ነው። ይህ መርከብ ለጎብኚ ብሎ አይቆይም፤ በአንዳንድ ትንሽ ወደብ የሚቆመው ጭነት አራግፎ እስኪጭን ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጭፈራና ቴያትር የሚፈልግ ሰው በዚህ መርከብ ያዝናል። የአገሩን ኑሮ ማየት ለሚወድ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። በሌሊት የታለፉት ወደቦች በመልስ ጉዞ በአብዛኛው በቀን ስለሚታዩ፣ ጊዜ ያለው ሰው ደርሶ መልሱን ቢገዛ ይጠቀማል።

ሁለተኛው በብዙ ሺህ የሚቆጠር መንገደኛ የሚይዘው ታላቅ የሽርሽር መርከብ ነው። ልዩ ልዩ መዝናኛ ስላለው ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመቻል። ሆኖም ትንንሾቹ ወደቦች አይቀበሉትም፤ ከሁለትና ከሦስት ሺህ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ወደ አንዲት መንደር መውረድም የጉዞውን ጣዕም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ወደ ዋልታ በረዶ ለመግባት የተሠራው ትንሽ የአሰሳ መርከብ ነው። በዚህኛው ሕጉ ራሱ ገዢውን ይመራዋል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በስቫልባርድ ደሴቶች ጥብቅ ቦታዎች ከ200 መንገደኛ በላይ የያዘ መርከብ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ሰው የሚወርድባቸውም ቦታዎች በ43 ተወስነዋል። በደቡብ ዋልታ ምድርም እንዲሁ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 መንገደኛ በላይ አይወርድም፤ ከ500 በላይ የያዘ መርከብ ጨርሶ መንገደኛ አያወርድም። ስለዚህ በታላቅ መርከብ ርካሽ ቲኬት ገዝቶ በረዶውን ለመርገጥ ተስፋ ያደረገ ሰው የገዛው ከሩቅ ማየትን ነው።

3ኛ/ ወራቱን ስለ መምረጥ

በአንድ መስመር ላይ በበጋና በክረምት የሚሸጠው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። በሰሜናዊው ጫፍ፣ በኖርድካፕ፣ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ፀሐይ አትጠልቅም። በትሮምሶ ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል በሎፎተን ደሴቶች የኮድ ዓሣ ይጠመዳል፤ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ በነፋስ የሚደርቀው ይህ ዓሣ እስከ ኢጣሊያና እስከ ናይጄሪያ ድረስ ይሸጣል። ይህንን ንግድ በዓይኑ ማየት ለሚሻ ነጋዴ ወራቱ ይኸው ነው።

የሰሜን ብርሃን የሚባለው በሰማይ ላይ የሚወዛወዝ አረንጓዴ ብርሃን የሚታየው ከሴፕቴምበር እስከ ማርች መጨረሻ በጨለማ ነው። ደመና ከጋረደው ግን አይታይም። ብርሃኑ ሳይታይ ቢቀር ሌላ ጉዞ በነጻ እንሰጣለን የሚሉ ኩባንያዎች አሉ። ይህ መልካም ዋስትና ነው፤ ነገር ግን ስንት ቀን ለሚፈጀው ጉዞ፣ በየትኛው ወር፣ ብርሃኑ መታየቱንስ የሚመሰክረው ማን እንደ ሆነ ማንበብ ያሻል። ምትኩም ጉዞ ቢሆን እስከ መርከቡ ያለውን የአውሮፕላን ዋጋ የሚከፍለው መንገደኛው ራሱ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

4ኛ/ ዋጋን ስለ ማመዛዘን

በኤፍ.ኦ.ቢ. ዋጋ ተደስቶ ማጓጓዣንና መድንን የረሳ አስመጪ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ያለቅሳል። በመርከብ ጉዞም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል ለ12 ቀን ጉዞ አንዱ ኩባንያ 2,400 ዩሮ፣ ሌላው 1,800 ዩሮ ጠየቁ እንበል። የመጀመሪያው ምግብንና ጉርሻን ያጠቃልላል፤ ሁለተኛው አያጠቃልልም። ምግብ በቀን 45 ዩሮ ቢፈጅ 540፣ የአስተናጋጆች ጉርሻም በቀን 10 ዩሮ ቢሆን 120 ይጨመራል። ድምሩ 2,460 ዩሮ ሆነ፤ ርካሽ የተባለው በ60 ዩሮ በለጠ።

የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ተጨማሪ ይጠየቃል። ክፍሉ መስኮት ያለው መሆኑን፣ መስኮቱም በነፍስ አድን ጀልባ የተከለለ አለመሆኑን በመርከቡ ንድፍ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ቀብዱ የማይመለስበትን ቀን በመዝገብ መጻፍም አይዘንጋ።

5ኛ/ ስለ ደኅንነትና ስለ ኩባንያው አቋም

ማርች 23 ቀን 2019 «ቫይኪንግ ስካይ» የተባለው የሽርሽር መርከብ 1,373 ሰው ይዞ ሁስታድቪካ በተባለው ግልጥ ባሕር ላይ በማዕበል መካከል ሳለ ሞተሮቹ ቆሙ። በምርመራ እንደ ተገለጠው በሞተሮቹ ውስጥ የነበረው ቅባት ዘይት ከሚገባው መጠን ያነሰ ነበር። 479 ሰው በሄሊኮፕተር ተነሣ፤ መርከቡም በማግሥቱ ሞልደ ወደብ ደረሰ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በዚህ ጠረፍ አንዳንዱ ክፍል በደሴቶች ያልተከለለ ነውና፣ አዛዡ ለነፋስ ብሎ ወደብ የመዝለል መብት እንዳለው በውሎቹ ተጽፎ ይገኛል። ይህ አንቀጽ መንገደኛውን የሚበድል መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ነፍሱን የሚጠብቅለት ይኸው ነው። ለአንዲት ወደብ ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ወደቧ ስትዘለል ሁሉን ያጣል፤ ጠረፉን በሙሉ ሊያይ የሄደ ግን ብዙም አይጎድልበትም።

የመርከቡ ባለቤት ማን እንደ ሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። በኤፕሪል 2022 «ሃቪላ ካፔላ» አዲስና መልካም መርከብ ሆና ሳለች፣ በኪራይ የተገኘችው ከአንድ የሩሲያ መንግሥት አከራይ ድርጅት ስለ ነበር፣ በድርጅቱ ላይ ማዕቀብ በተጣለ ጊዜ መድኗ ወድቆ ለሳምንታት በበርገን ቆመች። ኩባንያው በኋላ መርከቦቹን ከዚያ ባለቤት አላቋል። ነገሩ የሚያስተምረው ግን መርከብ ያለ መድን እንደማይንቀሳቀስ ነው።

6ኛ/ ስለ ሰነድ

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ወደ ኖርዌይ ለመግባት የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከቪዛው ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ስቫልባርድ ምንም እንኳ የኖርዌይ ግዛት ብትሆን ከሼንገን ክልል ውጭ ናት። ስለዚህ በኖርዌይ አልፎ ወደዚያ ሄዶ የሚመለስ ሰው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መያዝ አለበት። ቪዛ ሳይገኝ የማይመለስ ቀብድ መክፈል የባንክ ፈቃድ ሳይወጣ ዕቃ እንደ ማስጫን ነው።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

1. መርከቡ ለምን አገልግሎት የተሠራ ነው? ስንት ሰውስ ይይዛል?
2. በተመረጠው ወር በእርግጥ የሚታየው ምንድን ነው?
3. በዋጋው ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው?
4. ወደብ ቢዘለል ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ምን ይመለሳል?
5. የመርከቡ ባለቤትና መድን ሰጪ ማን ነው?
6. ቪዛው ለመንገዱ ሁሉ ይበቃልን?

ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሰጠ ወኪል፣ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም፣ በሥዕል ብቻ ከሚያማልለው ይመረጣል። ሪቻርድ ዊት ያንን ጨለማ ባሕር የደፈረው አስቀድሞ በመዝገቡ ስላወቀው ነበር፤ የዛሬውም መንገደኛ ውሉን አንብቦ ቢሳፈር በመርከቡ ላይ ሳለ ስለ ሒሳብ ሳያስብ ተራራውን ያያል።