ስንጥቅን መድፈን፣ ነፍስንም መጠበቅ፦ የብረት ብናኝ ያለው ኤፖክሲ አጠቃቀም



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ይህም ማንም ወድቆ እንዳይሞት ነው። ትእዛዙ ባለ ንብረት በንብረቱ ምክንያት ለሚጠፋ ሕይወት ተጠያቂ መሆኑን ያስተምራል። መኪና፣ ጄኔሬተር ወይም የውኃ ፓምፕ ያለው አጥቢያም ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አይደለም።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ራዲያተር ሲያፈስ ወይም የፓምፕ አካል ሲሰነጠቅ፣ መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ ሥራ ይቆማል። በዚህ ጊዜ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው፣ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ኤፖክሲ ይረዳል። አንዱ ቱቦ ሬዚን፣ ሌላው ማጠንከሪያ ይዟል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይጠነክራሉ። ብናኙ ውሕዱን ያወፍረዋል፣ መኮማተሩንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የሚይዘው ማጣበቂያው ስለሆነ እንደ ብየዳ ሊታመን አይገባም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ውኃው ወይም ዘይቱ ይውጣ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈት።
2. ቀለሙና ዝገቱ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በሊማ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። ቅባቱ ከእሳት ርቆ በአሴቶን ይጠረግ።
3. የተሰነጠቀው ወፍራም የፓምፕ አካል ከሆነ፣ ስንጥቁ እንዳይቀጥል በሁለቱ ጫፎቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበሳ።
4. ጓንት ተደርጎ፣ ቀለሙ አንድ እስኪሆን አምራቹ ባዘዘው መጠን ይቀላቀል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውሕዱ ሳይቀባ ሊጠነክር ስለሚችል፣ ሥራው ማለዳ በጥላ ሥር፣ ጥቂት በጥቂት እየተቀላቀለ ይከናወን።
5. ቅቡ ከስንጥቁ ዙሪያ አልፎ ጤነኛውን ብረት ይሸፍን። እንደ ጄ ቢ ዌልድ ያለው ቀስ ብሎ የሚጠነክር ዓይነት ከ15 እስከ 24 ሰዓታት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት ሞተር አይነሣ።

ይህ ጥገና ለብረት ራዲያተር፣ ለሞተር ዘይት መያዣ (ኮፓ) እና ጫና ለሌለበት የፓምፕ አካል ይሆናል። ፕላስቲክ በሆነው የራዲያተር ክፍል ላይ ግን በደንብ አይይዝም። የመጠጥ ውኃ በሚነካው ስፍራም፣ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ መሆኑ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አይደረግ።

በፍሬን፣ በመሪ፣ በቸርኬ፣ በባሌስትራና በነዳጅ ታንከር ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ለሞተሩ ቅርብ በሆነው የጭስ ማውጫም ላይ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር፣ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ምእመናንን ጭኖ በዚያ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ በማጣበቂያ ተይዞ ከሆነ፣ የተቆጠበው ገንዘብ የነፍስ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ሦስት ነገሮችን ይወስን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጊዜያዊ ጥገና ቀኑና ስፍራው በመዝገብ ይጻፍ፤ በየሳምንቱም ይታይ። ሁለተኛ፣ ጥገናው በተደረገበት ዕለት የመለዋወጫው ግዥ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ሹፌሩ «ይህ መኪና ለጉዞ አይበቃም» ሲል ቃሉ ይከበር፤ የክብረ በዓል ጥድፊያም ሆነ የአባቶች ትእዛዝ አያስገድደው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን «ለጊዜው» ተብሎ ተጠግኖ እስከ ዛሬ ያልተለወጠ ምን አለ? በማንስ ኃላፊነት ይሠራል?