ለወፍ ሥዕል ሰብሳቢዋ ልጄ

ልጄ፣ የድሮ የወፍ ሥዕል መሰብሰብ መጀመርሽን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። እኔ የከፈልኩትን የሞኝነት ዋጋ እንዳትከፍዪ የማውቃትን ልንገርሽ።

1. ከቦርሳሽ በፊት አጉሊ መነጽር አውጪ። የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩ «የሁለት መቶ ዓመት ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ቤት ገብቼ ሳየው የወፏ ክንፍ እንደ ጋዜጣ ፎቶ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞልቷል። ለካ የማሽን ኅትመት ኖሯል! በእጅ የተቀባ ቀለም ነጠብጣብ የለውም፤ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ሳሳ ይላል፤ አንዳንዴም መስመሩን አልፎ ይፈስሳል።

2. ጠርዙን ዳብሺ። ሥዕሉ የተቀረጸበት የመዳብ ሰሌዳ በማተሚያው ሲጫን በሥዕሉ ዙሪያ ስርጉድ ይተዋል። ኅዳጉ ተቆርጦ ከሆነ ይህ ምስክር አብሮ ሄዷል። ስርጉዱንም አስመስለው የሚሠሩ አሉና በአንድ ምልክት ብቻ አትተማመኚ።

3. ቀለሙ መቼ እንደተቀባ ጠይቂ። የሠዓሊው ጆን ጄምስ ኦዱቦን «የአሜሪካ ወፎች» 435 ሥዕሎች ከ1827 እስከ 1838 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ ቀለማቸው በዚያው ጊዜ በእጅ ተቀብቷል። ሌላ ሥዕል ግን በጥቁር ብቻ ታትሞ ኖሮ፣ ከዘመናት በኋላ ለገበያ ሲባል የተቀባ ሊሆን ይችላል። እሱም የእጅ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

4. ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀዪ። የደበዘዘ ቀለም አይመለስም።

5. ወፏ ምን ሆነች ብለሽ ጠይቂ። ኦዱቦን ወፎቹን ተኩሶ፣ በሽቦ ደግፎ ነበር የሚስላቸው። ከሣላቸው አንዷ የካሮላይና በቀቀን ናት፤ አረንጓዴ ገላ፣ ቢጫ ራስ። መንጋው የወደቀች ጓደኛውን ትቶ አይሄድም ነበርና ገበሬው ባለበት ይፈጀው ነበር። በሰው እጅ ከነበሩት የመጨረሻው በ1918 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ሞተ። ዛሬ ሥዕሏ አለ፤ የበቀቀኗ ዘር ግን የለም።

6. ከሚስማሩ በፊት ተራራ ውጪ። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ «ንስር ወርቅ» ያለው ባለጺም አሞራ በመዳብ ተቀርጾ ይገኛል። ሊማሊሞ ተራራ አናት ላይ አሞራው የብሩስ አሽከሮች የቀቀሉትን የፍየል ሥጋ ነጥቋቸው ሄደ፤ ሲመለስ ብሩስ ተኩሶ ጣለው። የዚያ አሞራ ዘር፣ በዓለም ዙሪያ ቁጥሩ እየቀነሰ ቢሄድም፣ ዛሬም በስሜን ገደሎች ላይ ያንዣብባል፤ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ ጥሎ ሰብሮ ይበላል። ሥዕሉን ካገኘሽ ግዢው። ግን ሳትሰቅዪው በፊት ሊማሊሞ ሂጂና የሩቅ ማሳያ መነጽርሽን ወደ ገደሉ አንሺ። ወረቀቱ የተሳሳተበትን ቦታ የምታውቂው ያኔ ነው። በቀቀኗን የሚገዛ ሰው ግን ይህን ማመሳከሪያ ከወዴት ያመጣል?