የሚረብሸውን ሕፃን ደጅ አታስወጡት

የተወደዳችሁ የሕፃናት ክፍል መምህራን፣ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 10 የጻፈውን የሕፃናቱን ታሪክ ለልጆች ደጋግመን እናስተምራለን። ታሪኩ ግን አስቀድሞ የሚናገረው ለእኛ ነው። ሰዎች ሕፃናቱን ወደ ጌታ አመጡ፤ ደቀ መዛሙርቱ ገሠጿቸው። በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ መምህራቸው እንዳይታወክ አስበው ይሆናል። ጌታ የተቆጣው ግን በሕፃናቱ ላይ ሳይሆን ጸጥታ ሊያስከብሩ በቆሙት ላይ ነበር።

ጥምቀትንም አስቡ። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች፣ ሜሮን ትቀባለች፣ ሥጋውንና ደሙን ታቀብላለች። ልጁ ፊደል ሳይቆጥር፣ ዝም ማለትንም ሳይለምድ የክርስቶስ አካል ሆኗል። ስለዚህ በጉባኤያችን እንግዳ አይደለም፤ ጠባዩ እስኪታረም ደጅ ሊጠብቅም አይገባውም። «ውጣ!» ብሎ በር መዝጋት ቀላል ቅጣት ይመስላል፤ ልጁ ከዚያ የሚማረው ግን የእግዚአብሔር ቤት የዝምተኞች ብቻ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት በኋላ መንቀል እጅግ ይከብዳል።

ታዲያ እንዳሻው ይሁን? አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሁሉ በሥርዓት እንዲሆን ጽፏል። ሥርዓት እንዴት እንደሚመጣ ከቅዳሴያችን እንማር። ዲያቆኑ ተነሡ ሲል እንነሣለን፣ ስገዱ ሲል እንሰግዳለን፣ ካህኑ ሲባርክ እንመልሳለን። አካላችንም አንደበታችንም ሥራ ስላላቸው ልባችን ይሰበሰባል። አዋቂው እንኳ ይህ ካስፈለገው፣ የአራት ዓመት ልጅ እጁን አጣጥፎ ረጅም ስብከት እንዲሰማ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ ነው። ታሪኩን አሳጥሩት፤ ከዚያ ተነሥተው እያጨበጨቡ ይዘምሩ፤ ቁጭ ሲሉ የሰሙትን ጠይቋቸው። አላስቀምጥ ያለውን ልጅ ከበሮውን አስይዙት።

ደግሞ ምክንያቱን መርምሩ። በጾም ቆይቶ፣ ቆርቦ ከቅዳሴ የመጣ ልጅ ሲነጫነጭ ርቦት ነው፤ ዳቦው ከትምህርቱ ይቅደም። በውጭ አገር ባሉ አጥቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚረብሸው አማርኛው ያልገባው ልጅ ነው፤ እርሱን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ከቁጣ ይልቅ ያረጋዋል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የቃየንና የአቤልን ታሪክ ለሕፃን እንዴት እንደሚተርኩለት በዝርዝር ያሳያል፤ ቆይቶም ልጁ ራሱ እንዲተርከው ይመክራል። ስለ በትርም ተናግሯል፤ ዘወትር የሚመታ ልጅ ምቱን ይለምደውና ይንቀዋል ይላል። በአርጩሜ ላደግን ለእኛ ይህ ምክር የሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል፤ ዘመን አመጣሽ ልስላሴ አይደለምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚያስቸግር ይኖራል። በጓደኞቹ ፊት ስሙን እየጠራችሁ አታሳፍሩት። አንዱ መምህር ያስተምር፣ ሌላው ከልጁ አጠገብ ይቀመጥና እጁን በትከሻው ላይ ያሳርፍ፤ ጌታም ሕፃናቱን አቅፎ እጁን ጭኖባቸዋል። ወላጆቹን ልጁ በሌለበት አነጋግሩ፤ ለክስ ሳይሆን በቤት ምን እንደገጠመው ለመጠየቅ ይሁን። የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት እንዳለውም አትርሱ። በጥምቀቱ ዕለት ሃይማኖት ሊያስተምሩት ቃል የገቡት እነርሱ ናቸው፤ ጥሯቸውና በሚቀጥለው እሑድ ከልጁ ጋር ክፍል ገብተው ይቀመጡ።